የጋሽ ገብረየስ ጊኒ ፒግ

ጋሽ ገብረየስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ሲሠሩ ነው የሸበቱት። ሚስታቸው እትዬ ኣብርሀት በሳንባ ምች ከሞቱ ወዲህ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ አንዲቷን ክፍል ለብቻቸው ይኖሩባት ነበር። እራት ሲበሉ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ዜናውን ፈልገው ሳይሆን ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው።

በ1989 ክረምት አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ ጊኒ ፒግ ለማስጫን መጣ። ጅራት የሌላት፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ፈረንጆች ቤት ውስጥ የሚያሳድጓት እንስሳ ናት። የጉዞ ፈቃድ የወጣው ለእናቲቱ ጊኒ ፒግ ብቻ ነበር፤ ልጇ ከዚያ በኋላ ተወለደች። የፈረንጆቹ ሴት ልጅ እያለቀሰች ግልገሏን ለጋሽ ገብረየስ ሰጠቻቸው። በኮታቸው ኪስ ይዘዋት መጡ።

ብዙም ሳትቆይ ማስነጠስ ጀመረች። ዓይኗ በዓይናር ተጣበቀ፤ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል።

"ብርድ መቷት ነው" አሉ ጋሽ ገብረየስ። ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ሲያዩ የሚቆጡ ሰው ነበሩ፤ ኣብርሀትንም የገደላት በመስኮት የገባ ብርድ ነው ይላሉ። ስለዚህ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ፣ ከሰል አቀጣጥለው አስገቡ፣ የተኛችበትን ካርቶን በጋቢ ሸፈኑ። እትዬ ኣብርሀት ታመው የተኙ ጊዜም ቤቱን እንዲሁ ነበር ያደረጉት።

"ጋሼ፣ አሁን ደግሞ አይጥ ማስታመም ጀመሩ?" አለቻቸው ሐሚዳ። ሾላ ገበያ ጎመን የምትሸጥ የወሎ ሴት ናት፤ ግድግዳ ይጋራሉ።

"አይጥ አይደለችም።"

"ታዲያ ምንድን ናት?"

"እኔ እንጃ። እንግዳ ናት።"

"አይ እንግዳ! እኔ ባስነጥስ ጋቢ የሚደርብልኝ አለ?" ብላ ሳቀች። ግን ለጋ የጎመን ቅጠል መርጣ ትታላቸው ሄደች።

ግልገሏ ቅጠሉን አሽትታ ተወችው። በማግስቱ ራሷን ማንሳት ሲያቅታት ጋሽ ገብረየስ ለራሳቸው ታዞ የተረፈውን ፔኒሲሊን ፍለጋ መሳቢያ መበርበር ያዙ። ሐሚዳ ናት የከለከለቻቸው።

"ሐኪም ሳያያትማ አይሆንም። ላም የሚያክም ሰው እሷን አያቅተውም።"

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ተኽላይ ደረቷን አዳመጠ።

"ፔኒሲሊን ሰጥተዋታል?"

"ልሰጣት ነበር።"

"እንኳን አልሰጧት። እሷን ይገድላታል።" ሌላ ሽሮፕ አዘዘላት፤ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ እንዲያጠጧት፣ ካልበላችም ጎመን ፈጭተው እንዲያጎርሷት፣ የብርቱካን ጭማቂም እንዲሰጧት ነገራቸው። ከዚያ ኮታቸውን አሸተተ። "ከሰል ያነዳሉ?"

"እንዳይበርዳት ብዬ።"

"በተዘጋ ቤት? ጋሼ፣ ጭሱ እኮ ነው የሚያፍናት። ጨርቅ ደርበው ያሙቋት፤ መስኮቱን ግን ይክፈቱ።"

ጋሽ ገብረየስ ካርቶኑን አቅፈው ቆሙ።

"ለሰውም እንዲሁ ነው?"

"ሳንባው ለታመመ ሰው? እንዴታ!" አለ ዶክተሩ፣ እጁን እየታጠበ።

ቤታቸው ሲመለሱ ከሰሉን ደጅ አወጡት። መስኮቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጨርቆቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። ዝናብ ያዘለ ነፋስ ገባ። ግልገሏን በደረታቸውና በሹራባቸው መካከል አድርገው፣ ራሷን ብቻ ወደ አየሩ አውጥተው ተቀመጡ። ሽሮፑን፣ የተፈጨውን ጎመን፣ የብርቱካን ጭማቂውን በየተራ አጠጧት። ብዙውን ተፋችው።

አንድ ቀን ሐሚዳ ከገበያ ስትመለስ ግልገሏ ቅጠል ስትቆረጥም አየች።

"ዳነች! ጋሼ፣ ዳነች እኮ!" ብላ ሳቀች። "ምነው ደስ አላለዎትም?"

"ዳነች" አሉ ጋሽ ገብረየስ። "መስኮት ብከፍትላት።"

ሐሚዳ ሳቋን አቆመች። እትዬ ኣብርሀትን ያጠበቻቸውም ያጎረሰቻቸውም እሷ ነበረች፤ ያን መስኮቱ ተወትፎ ከሰል የሚጨስበትን ቤት ታውቀዋለች። ዘንቢሏን አስቀምጣ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

"ሽሮፑም አለ እኮ፣ ጋሼ።"

"አዎ" አሉ። "ሽሮፑም አለ።"

ያን ቀን እራታቸውን ሲበሉ ሬዲዮውን አልከፈቱም። ግልገሏ ስትቆረጥም ይሰማል።