የሳኬላሪስ ስፖንጅና የዱቄቱ ጣሳ

ሳኬላሪስ ባህሩን ከተወ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ባህሩ ግን አልተወውም። ግማሹ ግራ ዳሌው ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ይበላል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ዳሌውን ያበላሸው ራሱ ነው። በደጉ ጊዜ ፋሲካ ሲያልፍ የደሴታችን የካሊምኖስ ጀልባዎች ሁሉ ስፖንጅ የሚባለውን የባህር እንስሳ ለመልቀም ወደ ሊቢያ ባህር ይሄዱ ነበር፤ እሱም የመዳብ ቆብ የሚያጠልቅ ጠላቂ ነበር። አንድ ቀን ገመዱ ከላይ ተጎተተ። «ና ውጣ» ማለት ነው። እሱ ግን የሰው ጭንቅላት የሚያህል ስፖንጅ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት «ቆዩ እስቲ» አለ። ጥልቅ ውስጥ አብዝቶ የቆየን ጠላቂ ሲወጣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሞላና አጥንቱን ይመታዋል፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ግራ እግሩን ይጎትታል። በእኛ ሰርግ ላይ ጎረምሶች የአንካሳ ጠላቂ ጭፈራ ሲጨፍሩ እየተንቀጠቀጡ ያነክሳሉ፤ ለዚያም ክረምቱን ሙሉ ይለማመዳሉ። ሳኬላሪስ ልምምድ አላስፈለገውም። በዘመኑ እንደሱ የጨፈረ የለም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ጥቁር ስፖንጅ ነው፣ ከነድንጋዩ። በሽታ ገብቶ ስፖንጁን ሁሉ ሊጨርሰው ሲል፣ ከመጨረሻ ጉዞው ያመጣው ነው። ስፖንጅ አየር ከነካው ስለሚሞት፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ነክሮ እስከ ቤቱ ታቅፎት መጣ። የገዛ ልጁን እንደዚያ ታቅፎ አያውቅም፤ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህን ሳትነግረው የዋለችበት ቀን የለም። በኋላ ብቸኝነት እንዳይሰማው ብሎ ትናንሽ ዓሦች ጨመረለት።

ሁሉም የሚበሉት ዱቄት ነው፤ የደረቀ ሽሪምፕ ከባህር አረም ጋር ተፈጭቶ፣ እንደ በርበሬ የላመ። ስፖንጅ ጥርስ የለውም። ውሃውን ይስብና በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ይወስዳል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚበላው። አንዴ ብዙ ከነሰነሱበት ውሃው ይበላሽና ሁሉም ያልቃል። ሳኬላሪስም በሁለት ጣቱ እየቆነጠረ፣ በየመሃሉ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጀልባ ላይ ተደርድሮ የሚደርቀውን ስፖንጅ ሽታ ያስታውሳል። ያ ሽታ ከብት ያስደነብር ነበር። አሁን ግን አንዴ ቢሸተው ቤተክርስቲያን ሄዶ ሻማ ያበራ ነበር።

ልጁ ኖሚኪ አቴንስ ነው ያገባችው። ዳሌው ውስጥ ብረት የሚያስገባለት ሐኪም ይዛለት ደወለች።

«አባባ፣ ይሄ ክረምት ካለፈ አጥንቱ ብረት አይዝም ብሏል። ከዊልቸር አትነሳም! ትመጣለህ፣ በቃ።»

«ስፖንጁን ማን ያበላዋል?»

«እትዬ ካሎቲና አለች አይደል?»

«እሷን ተያት!»

ጎረቤቱ ካሎቲና ደግ ሴት ናት፤ ችግሯም ይሄው ነው። አንድ ጊዜ ክርስትና ተጠርቶ ሲሄድ አደራ ሰጥቷት ነበር። ቁንጥሩን ስታይ ደሟ ፈላ። «እኔ ባለሁበት እንግዳ በቁንጥር አይስተናገድም!» ብላ በጭብጥ በጭብጥ አስተናገደቻቸው። ሲመለስ ውሃው ወተት መስሎ ጠበቀው፣ ሁለት ዓሦችም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይንሳፈፋሉ።

«ምን አደረግኩ? ጠግበው ነው የሞቱት» አለች።

ኖሚኪ ታዲያ ራሱ የሚያበላ ማሽን ከሱቅ ገዝታ ላከች። የውሃው እንፋሎት ወደ ላይ እየወጣ ዱቄቱን አቦካው፤ አፉ ተደፈነ። ሳኬላሪስ አልጋ ስር ወርውሮ የራሱን ለመሥራት ተነሳ። አማቹ የደሴት ሳይሆን የየብስ ሰው ስለሆነ አንድ ፋሲካ በግ እየዞረ የሚጠበስበት ሞተር ይዞ መጥቶ ነበር። እኛ ጋ የፋሲካ በግ ሸክላ ውስጥ ሆኖ ምድጃ ይገባል እንጂ እንደ ቱሪስት አይዞርም። ስለዚህ ሞተሩ እንደ አዲስ ተቀምጧል። ሳኬላሪስ ጣሳ በምስማር በሳስቶ ሞተሩ ላይ አሰረና ከውሃው በላይ በጎኑ አጋደመው። ሞተሩን የሚያስነሳ ሰዓት መቁጠሪያ ገጠመለት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጣሳው አንዴ ዞሮ ቁንጥር የምታህል ዱቄት ያራግፋል።

ቀጥሎ የእርጥበቱ ነገር መጣ። በእኛ ደሴት አየሩ ራሱ ጨው ያሟሟል። የጨው መነስነሻው ውስጥ እርጥበት እንዲጠጣ ሩዝ የማይጨምር ቤት የለም፤ እናትህ ታደርገዋለች፣ አንተም ሳታስበው ታደርገዋለህ። ሳኬላሪስም ሳያስበው አንድ እፍኝ ሩዝ ጣሳው ውስጥ ጨመረና ማሽኑ ብቻውን ይሞከር ብሎ ቴሜሊስ ቤት ሊያድር ሄደ።

ቴሜሊስ ማለት ጀልባው ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት፣ አየር የሚነፋለት የነበረ ሰው ነው። ኖሚኪን ክርስትና ያነሳትም እሱ ስለሆነ አበልጁ ነው። በማግስቱ አብረው ሲመለሱ ሩዙ የጣሳውን ቀዳዳዎች ደፍኖ፣ ዱቄት የሚባል ጠብ አላለም። ጠብ ያለው ስባሪው ሩዝ ነው። አንዱ ዓሣ እሱን ውጦ፣ ሆዱ ውስጥ አብጦበት፣ እንደ ኳስ ተነፍቶ በጎኑ ይዋኛል። ስፖንጁ ደግሞ ሊሞት እንደሚል ስፖንጅ ዳር ዳሩ ነጣ ብሏል።

ቴሜሊስ አጎንብሶ መስታወቱን አየ። «ሩዙም ዓሣውም አለ፤ እንቁላልና ሎሚ ብትጨምርበት የእኛው ሾርባ ይወጣዋል።»

ሳኬላሪስ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አልሄድም። ለኖሚኪ ደውለህ ንገራት።»

«እኔ ነኝ የምነግራት? ሻርክ አፍ ብገባ ይሻለኛል።»

«እንግዲያው በዊልቸር ትገፋኛለህ።»

«እኔንስ ማን ይግፋኝ?»

«ታዲያ እዚህ ተቀመጥና አብላልኝ!»

ቴሜሊስ እጁን ዘርግቶ አሳየው። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። «በዚህ? እኔ ቁንጥር ስል እፍኝ ነው የሚወርደው። ካሎቲና ትሻልሃለች።»

ሳኬላሪስ ጣሳውን አውርዶ የረጠበውን ዱቄት በጣቱ ይፍቅ ጀመር። ዳሌው ወጋው መሰለኝ ፊቱን አጨማደደ።

«ውሃ ምን ቢሉት መግቢያ አያጣም» አለ።

«ያንተ ቆብ ውስጥስ ለምን አልገባም?»

«የምን ቆብ?»

«ስትጠልቅ ነዋ! ጎኑ ላይ ቀዳዳ አልነበረውም? ለምን አልሰጠምክም?»

«አንተ ከላይ አየር ትነፋልኝ የለ? አየሩ በቀዳዳው ሲወጣ ውሃው በየት ይገባል…» አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ቴሜሊስ፣ ጢሙን እያሻሸ።

ሩዙን አንድ በአንድ ለቀሙ። የዓሦቹን አየር ከምትነፋው ትንሽ ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ቀጠሉና በጣሳው ቂጥ መሃል ለመሃል አስገቡ። አየሩ ጣሳው ውስጥ ገብቶ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ሊገባ ሲል ተገፍቶ ይመለሳል። ፓምፗ ጡፍ ጡፍ ትላለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊቷ ተቀምጠው ሰሟት። ጣሳው ውስጥ ስትነፋ ድምጿ ተለውጧል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከጀልባ ላይ ከወረዱ ወዲህ ሰምተው አያውቁም። ያኔ ንጋት ላይ፣ ባህሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣ የደረቀ ዳቦ በባህር ውሃ ነክረው እየበሉ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ አማቱን ያማል። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ቤንጋዚ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ቀረ። ቴሜሊስ የአንዱን ስም ጠራ። ሳኬላሪስ ራሱን ነቀነቀ። ጣሳው ዞረ፤ ዱቄቱ እንደ ጉም እየተበተነ ወረደ፣ ደረቅ እንደሆነ።

ሰንብተው አዩት፤ አልቦካም። ሳኬላሪስ ሰበብ ሲፈልግ ሲፈልግ አጣና መርከብ ላይ ወጣ።

አቴንስ ቀዶ ጥገናውን ጨርሶ ከሰመመን ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስልክ ነው።

«ዓሦቹስ?»

«ይበላሉ» አለ ቴሜሊስ።

«ስፖንጁስ?»

«ስፖንጅ ምን ይላል? ዝም ብሏል።»

«ጣሳውን ነካህ?»

«አልነካሁም!»

ከኋላ የካሎቲና ድምፅ መጣ። «አንድ ጭብጥ ብቻ ልጨምርላቸው በለው! ከስተዋል፣ አንጀቴን በሉት!»

«አበልጄ፣ ያቺን ሴት በሩን ዝጋባት!» ብሎ ሲጮህ ነርሷ ስልኩን ቀማችው።

በከዘራ እየሄደ ሲመለስ፣ ቴሜሊስን መስታወቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። የአየር ቱቦዋን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጓታል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም። እየነፋ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ውሸቱን ነው!» አለች ካሎቲና ከበር ላይ። «ከሄድክ ጀምሮ ጠዋት መጥቶ ይይዛታል፣ ማታ ይለቃታል። ምሳ እንኳ በአንድ እጁ ነው የሚበላው።»

ቴሜሊስ ቱቦዋን ለቀቃትና ሌላ ቦታ ያይ ጀመር።

ሳኬላሪስ መስታወቱ ላይ ተደገፈ። የነጣው የስፖንጁ ዳር ጠቁሯል። ኳስ ሆኖ የነበረው ዓሣም ተንፍሶ ዓሣ መስሏል። ሞተሩ እር ሲል ሁሉም ጣሳው ስር ተግተልትለው መጡ። እንደ ድሮው መስታወቱን ኳ ኳ አደረገላቸው። አንድም ዞር ያለ የለም።

«ረስተውሃል» አለ ቴሜሊስ።

«አኩርፈው ነው።»

እንደገና ኳ ኳ አደረገ። ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ የሚቆነጥርበትን ሁለት ጣቱን አየት አደረገና ኪሱ ከተተው። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ባርኔጣውን አነሳ።

«ወደ ወደቡ ወጣ እንበል።»

«አሁን? በእግር?»

«ታዲያ በጭንቅላት?»

የድሮዎቹን የስፖንጅ መጋዘኖች እያለፉ፣ ዛሬ ፎጣና የባህር ጫማ የሚሸጥባቸውን፣ «እዚህ የማን ነበር?» እየተባባሉ ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቴሜሊስ ትንፋሹ አጥሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ኧረ ቀስ በል፣ አበልጄ! ሰው ምን ይለናል?»

ሳኬላሪስ ዞር ብሎም አላየው። የወደቡን ጫፍ ከቤቱ ተነስቶ በእግሩ ከረገጠው ዘመን አልፎታል፤ ወደዚያው እያቀና ነበር።