እኔ የቸነከርሁት ግድግዳ

አባየ ቤት ሠሪ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ስንት ቤት እንዳቆሙ ራሳቸውም አያውቁት። አሠራራቸው አንድ ነው፤ ቋሚው ወይራ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ማሰሪያው ልጥ። ሚስማር ወደ ቤታቸው አያስጠጉም። ጭቃ ሳይነካው በፊት ደግሞ የደቦው ሰው ቋሚዎቹን ይዞ ቤቱን ይነቀንቀዋል። እንጨቱ አብሮ ሄዶ አብሮ ከተመለሰ ይመረጋል። «ተነቅንቆ ያልተመለሰ ቀን መጥረቢያየን እሰቅላለሁ» ይሉ ነበር፤ በዚህ ነገር አይቀልዱም።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ከተማው ዳር ትንሽ ቦታ ባገኝ አባየ ያን ሁሉ ዕድሜ ተሸክመው «የልጄንማ ሌላ ሰው አይሠራውም» ብለው መጡ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ማገሩ ታስሮ ባለቀ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼን እየጎተትሁ ወሰድኋቸው። የሒሳቡ አስተማሪ አንዱን ቋሚ ደገፍ ቢል ቤቱ በሙሉ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ይሄ ቤት ነው ዥዋዥዌ?» አለኝ።

ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ዳግም እንዳይወዛወዝ ግን በልቤ ቆረጥሁ።

በማግሥቱ አባየ ለጣሪያው ልጥ ሊገዙ ጅጋ ገበያ ሄዱ። እኔ ሆየ መዶሻ ተዋስሁ፣ ሚስማር ገዛሁና የምሥራቁን ግድግዳ ማገር ከቋሚው ጋር ቸነከርሁት። ቸነከርሁት ስላችሁ፣ አንድ መጋጠሚያ አልማርሁም። አውራ ጣቴንም አልማርሁትም። ሚስማሩ ባያልቅብኝ ምዕራቡም አይቀርለትም ነበር። ስገፋው ንቅንቅ የለም። አባየ እንዳያዩት የሚስማሩን አናት ሁሉ ጭቃ ቀባሁትና ኮርቼ ገባሁ።

የደቦው ቀን አባየ መካከል ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቤት የሚያዳምጡት እንደዚያ ነው። «በሉ» አሉ። ሰው ሁሉ ቋሚ ቋሚውን ይዞ ሆ እያለ ነቀነቀ። ምዕራቡ ሄደ። ምሥራቁ እምቢ አለ። አንድ ማገር ከሚስማሩ ላይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ቤቱ ወገቡን እንደያዘው ሰው ጠመም ብሎ ቀረ።

አባየ መጥረቢያቸውን አንሥተው ከደቦው ሁሉ በዕድሜ ለሚበልጡት ሰውየ ዘረጉላቸው። «እንኩ፣ ይውሰዱት። እጄ ከድቶኛል» አሉ። ሰውየው አልቀበልም ብለው አንገታቸውን ደፉ። ብናገር አፍራለሁ፣ ዝም ብል አባቴን እቀብራለሁ።

«አባየ፣ እጅዎ አይደለም። እኔ ነኝ» አልሁና ከኪሴ አንዲት የጎበጠች ሚስማር አወጣሁ።

ሚስማሯን አዩ። የተጠቀለለ ጣቴን አዩ። «ቢላዋ ነው የቆረጠኝ አላልሽኝም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ጣላቸውና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ደቦው ሁሉ ተከተላቸው። ጠላ የምትቀዳው ጎረቤቴ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ጨመረችልኝ። አባየ እንባቸውን እየጠረጉ ጉጠት አቀበሉኝ።

«ልቀሚያ» አሉኝ።

ለቀምሁ። እነሱ የራሴን ጠላ እየጠጡ ይስቁብኛል፣ እኔ ላቤ ጠብ እስኪል ሚስማር እነቅላለሁ። የተሰነጠቀው ማገር ተለወጠ፤ ማሰሩንም ለእኔው ጣሉብኝ። «ጠበቅ አድርጊው፣ ግን አትነቂው። እንጨቱ መላወሻ ይፈልጋል» እያሉ አባየ ከኋላየ ቆሙ። እንደገና ሲነቀነቅ ከመካከል አቆሙኝ። ግድግዳው በአራቱም ወገን አብሮ ሄደ፣ አብሮ መጣ፤ ራሴ ዞረ፤ እንዲያ ያለ ደስታ ዓይቼ አላውቅም። «ድገሙት» አልሁ፤ ደገሙት። አባየ መጥረቢያቸውን መልሰው ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

አምና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባየ ሊጠይቁኝ መጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ሳሉ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ። ምን እንደሆነ ሲገባኝ በሩን በርግጄ ወጣሁ። ጎረቤቱም ሁሉ ደጅ ነው። ዞር ብል አባየ የሉም፤ በበሩ ወደ ውስጥ ሳይ ከመደቡ ንቅንቅ አላሉም።

«አባየ፣ ይውጡ እንጂ። መሬቷ እየተንቀጠቀጠች ነው።»

«አውቃለሁ። ተያት፣ እሷም ትሞክረው» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

መዳፋቸው ያረፈው ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ነበር፣ እኔ ባሰርሁት።