ጥለቱ መቼ ቀረ?

ወልድያ የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተምራለሁ። እኛ ለሁሉም ነገር መጀመሪያና መጨረሻ ካልጻፍን እንቅልፍ አይወስደንም። ጦርነቱ ጋብ ሲል፣ ስለ ሀብሩ ወረዳ ቀይ ጥለት ልጠይቅ ግራና ከተማ ወረድኩ። በዚህ ጥለት የሚታወቀው የሸማኔው የሰይድ እናት፣ እማማ ዘሃራ፣ ተቀበሉኝ።

«ጥለቱ መቼ ተጀመረ?»

«ሰይዴ የመጀመሪያ ኩታውን ለኔ የሸመነ ጊዜ።»

«መቼስ ቀረ?»

ስለ ጥለቱ ነበር የጠየቅኩት፤ እሳቸው የሰሙት ስለ ልጃቸው ነው።

«ማነው ቀረ ያለህ? መርሳ ገበያ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ነው። ይመጣል፣ ኢንሻአላህ!» አሉና በጅምር የቀረውን ኩታ አቧራ አራገፉ።

አፍሬ ስወጣ ጎረቤታቸው ተከተለኝ።

«መርሳ ላይ የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መርዶው እስኪነገራቸው ድረስ መጨረሻውን እንዳትጽፍ።»