ለአንድ መስኮት የተሳለች ማርያም

ፎስካን ከሩቅ የሚለያት ጉልበቷ ነበር። ደረጃውን ስትወጣ የሚያሰማውን ድምፅ ከሌላው ጎረቤት ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረናል፤ እሷና አባቷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እኔ ከነሱ በላይ። እዚህ ጣልያን፣ ማንቶቫ ከተማ ውስጥ ሰው በሃምሳዎቹ ዕድሜ እንደዚያ የሚያነክሰው፣ ወይ የሰው ወለል ሲወለውል ኖሮ ነው፣ ወይ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ማርያምን ሲስል።

አባቷ ሲኞር ኦሊንዶ በየመንደሩ የንግሥ በዓል እየዞሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በጠመኔ እመቤታችንን ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ በብስክሌት፣ ኋላ ጣሪያው በዛገ የዕቃ መኪና ይዞሩ ነበር። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ሥዕሉን ከብቦ ሳንቲም ይጥላል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ሥዕሉ ይታጠባል፣ እሳቸው ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋሉ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከዐይኗ ነበር። ዐይኗ ካለቀ ሌላው ባይደርስ እንኳ ሰው ረግጧት አያልፍም ይሉ ነበር። ፎስካ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች በሄዱበት ትሄዳለች። ሥራዋ ፀሐይ አናታቸውን እንዳይመታቸው ጥላ መያዝ ነበር።

ሥራ ስትይዝ ግን ጠመኔ አልነካችም። የሴት ስቶኪንግ ፋብሪካ ገባች፣ ወጣትነቷን እዚያው ጨረሰች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላ የምታውቀው ነገር ስላልነበራት ወደ አስፋልቱ ተመለሰች። ተመለሰች እንጂ የአባቷን ሥራ አልያዘችም። አዲስ ዓይነት የአስፋልት ሥዕል የሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ሄዳ፣ መሬት ላይ ተስሎ ከመሬት ተነሥቶ የቆመ የሚመስለውን ሥዕል ተማረች። ዘዴው ከባድ ቢሆንም ለማስረዳት ቀላል ነው። ተመልካቹ የሚቆምበት አንድ ቦታ ይመረጣል። ከዚያ ቦታ ሲታይ ልክ እንዲሆን ሥዕሉ መሬት ላይ ተጎትቶና ተለጥጦ ይሳላል። ነጥቡ ላይ ቆሞ አንድ ዐይኑን የጨፈነ ሰው ገደል ያያል፣ ፏፏቴ ያያል፤ ከዚያ ፈቀቅ ካለ የሚያየው የፈሰሰ ቀለም ነው።

ገበያ ማዕከሎች ደጅ ጉድጓድ ትስላለች፤ ሰዉ አፋፉ ላይ ሊወድቅ እንደሆነ እጁን እያርገበገበ ፎቶ ይነሣል። ሲኞር ኦሊንዶ አንድ ቀን ሊያዩ ሄዱ። እዚያ የነበረው ኔሬዮ ነው ያወራኝ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ እንደኛው የግቢው ሰው።

«አባዬ፣ እዚያች ምልክት ላይ ቁም» አለች ፎስካ።

«ለምን?»

«ካልቆምክ አይታይም።»

«የኔ ማርያም ከየትም ብትመጪ ታይሻለች። ሰካራሙንም ታየዋለች፣ ውሻውንም። ያንቺ ሥዕል ወረፋ አስይዞ ነው እንዴ የሚታየው?»

ይህን ብለው ከተሳሳተው ወገን ገብተው ጉድጓዱን መሐል ለመሐል አቋርጠውት ሄዱ። ፎቶ የምታነሣ አንዲት ልጅ «ኧረ ሽማግሌው ገቡ!» ብላ ሰዉን አሳቀችው። ፎስካም አብራ ሳቀች። ማታ ደረጃ ላይ ሳገኛት ግን ፊቷ በለቅሶ አብጦ ነበር። «አላየውም እኮ» አለችኝ። «አይቶ ቢጠላው ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሳንባቸው ደከመ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ ሆነ ኑሯቸው። የምታስታምማቸው ራዪሳ የምትባል የሞልዶቫ ሴት ተቀጠረች። ሐኪሙ እዚህ እስከ ነሐሴ የሚዘልቀውን በጋ መጨረሳቸውን እንደሚጠራጠር ለፎስካ የነገራት ሰሞን፣ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ እሳቸው በሚቀመጡበት ቁመት ልክ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና ግቢውን ስትለካ አየናት። ሲኞር ኦሊንዶ ወደ እሷ ምልክት አልሄድም ካሉ፣ ምልክቱን እሳቸው ከሚቀመጡበት ልታመጣው ነው። ለነሐሴው የእመቤታችን የዕርገት በዓል፣ ከተከፈተ መቃብር የምትነሣ ማርያም፣ ለአንድ መስኮት ብቻ።

ኔሬዮ ልኬቱን ሊያመለክታት የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ግቢው መሐል ቆመ።

«ወደ ግራ!» አለችው ከመስኮቱ።

«የቱ ግራ? ያንቺ ነው የኔ?»

«ሚስትህ የምትተኛበት።»

«እሷማ ግራ ቀኝ የላትም፤ አልጋውን እንዳለ ነው የምትይዘው።»

መስኮቱ በእንጨት መዝጊያው ተዘጋ። ሥዕሉ እስኪያልቅ ሲኞር ኦሊንዶ ግቢውን እንዳያዩ ነው፤ ለሙቀቱም መዝጊያውን መዝጋት ደግ ነበር። ፎስካ ታች ተንበርክካ ሠራች። ከኔ መስኮት ሳያት ማርያም በየቀኑ ከአስፋልቱ ትንሽ ትንሽ ትነሣ ነበር። ቦታዬ ልኩ ስላልሆነ ትንሽ ወፈር ትላለች እንጂ ቆማለች። ግቢው ውስጥ ወርጄ ስረግጥ ግን ፊቷ እንደ ጀልባ የረዘመ፣ አንዱ ዐይን ከሌላው የተራራቀ፣ የሚያስፈራ ነገር ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ቀትር ላይ ፊቱን ጨረሰችና፣ ኦክስጅን ሊያልቅባቸው ስለነበር ልታመጣ ወጣች። እሷ እንደወጣች ሲኞር ኦሊንዶ ራዪሳን ጠሩ።

«አውርጂኝ።»

«ፎስካ ነገ በመስኮት ነው ብላለች።»

«የተሳለች ማርያም እታች እያለች በመስኮት አላያትም። ተንበርክኬ ነው የማያት። ሥራዬ ነው።»

ራዪሳ እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እሷም ከገጠር የመጣች አማኝ ናት፤ አንድ በሞት አፋፍ ያለ ሰው በበዓል ዋዜማ ማርያም ፊት ልንበርከክ ሲል መከልከል አልሆነላትም። ኔሬዮን ጠራችው፣ በወንበራቸው ተሸክመው አወረዷቸው።

ሲኞር ኦሊንዶ ፊቷ ጋ ሲደርሱ ከወንበሩ ጎንበስ ብለው አዩዋት። እኔ ከላይ ነበር የማያቸው።

«ምን አደረገቻት?» አሉ። «ጨርቅ አርጥቡልኝ።»

«ሲኞር ኦሊንዶ፣ ከላይ ሲታይ ነው እኮ የምታምረው» አለ ኔሬዮ።

«ከላይ የሚያይ እግዜር ነው። እኔ እታች ነው የኖርኩት።»

ከወንበሩ ወርደው ተንበረከኩ። ራዪሳ ቀበቷቸውን ከኋላ ይዛ ትደግፋቸዋለች፣ እሳቸው ያን ረጅም ፊት ጠረጉት። ከዚያ የፎስካን ጠመኔ አንሥተው ከዐይኗ ጀመሩ። ሳል ሲመጣ እጃቸውን ከሥዕሉ ያርቃሉ፣ ሲተው ይመለሳሉ። የኔሬዮ ሚስት ውሃ ይዛ ወጥታ ቆማ ቀረች። ለወራት ማንኪያ ወደ አፍ ማድረስ ያቃታት ያች እጅ መስመሩን ቀጥ አድርጋ ትስበዋለች። የወጣው ፊት በየመንደሩ የሳሉት ያው ፊት ነበር፤ ትንሽ የደከማት፣ ጎረቤት የምትመስል ሴት።

ፎስካ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ይዛ ስትገባ አባቷ ከሥዕሉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጣታቸው ሁሉ ሮዝ ሆኗል።

«አትቆጪኝ» አሏት። «ልጅ ሆነሽም ፊት አይሆንልሽም ነበር። አስተካክዬልሻለሁ።»

ፎስካ ሥዕሉን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«አመሰግናለሁ አባዬ።»

እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ተሸክመው ሲያወጧቸው ለኔሬዮ ስለ አንድ የድሮ ቄስ ቀልድ ይነግሩት ነበር፤ ሳላቸው አላስጨረሳቸውም።

እንቅልፍ ሲወስዳቸው ፎስካ መዝጊያውን ገፋ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ገብቼ ከኋላዋ ቆምኩ። ከታች ቀሚሱ፣ እጆቹ፣ የተከፈተው መቃብር፣ ሁሉም ከመሬት ተነሥቶ ቆሟል። አንገቱ ላይ ግን ተጨፍልቆ የተለጠፈ ትንሽ ፊት ነበር፣ አንድ ሰው የረገጠው የሚመስል።

«ነገ ጠዋት ነበር የማሳየው» አለችኝ።

«ተዪው በቃ። የእጃቸው ሥራ ነው። ሌላ አይሠሩም።»

«ከተውኩት ምንም አያይም። መስኮቱን ከፍቼ ይህን ነው የማሳየው? እንዳልኩት ነው፣ ልክ ነበርኩ ብሎ ይሞታል።»

«ቢሉ ምን አለበት?»

መዝጊያውን መልሳ ዘጋችው። እኔም አልጨቀጨቅኳት፤ ልጅነቷን ሙሉ ጥላ የያዘችላቸውን ሰው ከኔ ይልቅ ታውቃቸዋለች ብዬ ነው።

ጎህ ሲቀድ የብሩሽ ድምፅ ሰማሁ። ስነሣ አባቷ የሳሉት ፊት ጠፍቷል፤ እሷ በመስኮቱ ልክ መልሳ እየጎተተችው ነበር።

ደወል ሲደወል ሁላችንም እነሱ ቤት ተሰበሰብን። ሲኞር ኦሊንዶን ወንበራቸው ላይ አስቀመጧቸው። የዋዜማው ድካም ጨርሷቸው ስለነበር አንገታቸው አልቆም አለ። ፎስካ ከኋላቸው ሆና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ የለካችው ቁመት ላይ ቀና አደረገችው። «ክፈቱት» አለች።

ራዪሳ መዝጊያውን ከፈተች።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አላየሁም። ግቢያችን መሐል መሬቱ ተከፍቷል፣ ከውስጡ ማርያም ተነሥታ እስከ ኔሬዮ በረንዳ ቆማለች፣ ቀሚሷ ከአስፋልቱ ለቋል፣ ፊቷ ወደኛው መስኮት ቀና ብሏል። ራዪሳ አማተበች። ኔሬዮ «ልትገባ ነው እንዴ?» አለ፤ የሚቀልድ አይመስልም ነበር።

ከዚያ የሲኞር ኦሊንዶ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጭን ሆኖ።

«ፊቷን አጠፋሽው።»

«አባዬ፣ ሁለመናዋን እያት። ቆማለች።»

«የኔን ፊት አጠፋሽው።»

«አንድ ዐይንህን ጨፍነህ እያት። አንዴ ብቻ።»

ሁለቱንም ጨፈኑ። ራዪሳ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና መዝጊያውን መለሰችው።

በዚያው ሳምንት ሞቱ። ከዚያ በፊት ፎስካን አናገሯት፤ ውሃ ጠየቁ፣ ትራሱን አስተካክዪልኝ አሉ። ሥዕሉን ግን አላነሡም። አስከሬናቸው ሲወጣ ገና ዝናብ አልጣለም፣ ሥዕሉም አልታጠበም ነበር፤ የቀብር ሰዎቹ ሥዕሉ ላይ ሄዱበት፣ ማንም አላስቆማቸውም። ፎስካ ጠመኔዋን ለወጣቶቹ ሰጥታ፣ አንድ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ወለል ትወለውላለች። ጉልበቷ ብሶባታል።

ደረጃ ላይ ስንገናኝ አሁንም ትጠይቀኛለች። እሷ ከኋላ ሆና ጭንቅላታቸውን ይዛ ስለነበር ፊታቸውን አላየችም። «ዐይኑን ከመጨፈኑ በፊት እንዴት ነበር? ቆማ ታይታው ነበር? ደንገጥ ብሎ ነበር?» ኔሬዮን ጠይቃዋለች፣ ራዪሳንም። መዝጊያው ሲከፈት ማናችንም እሳቸውን አላየንም፤ ማርያምን ነበር የምናየው።