ማዳም ሆኜ ያስጠናሁት አረብኛ

አረብኛ የተማርኩት እናቴን እያዘዝኩ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ቦሌ ቡልቡላ ገና ግማሹ እርሻ ግማሹ ሰፈር በነበረበት ጊዜ፣ እናቴ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ወሰነች። አባቴን አላውቀውም፤ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ጎረቤታችን እትዬ ራሄል እዚያ ሠርተው የተመለሱ ስለነበሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ቋንቋውን ያስተምሯት ጀመር። ቤታችን አንድ ክፍል ነበር። ሁልጊዜ ላምባና የልብስ ሳሙና ይሸታል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ድምፁ እስኪርቅ ትምህርቱ ይቋረጣል።

እትዬ ራሄል ፊደልም ሰላምታም አላስተማሩም። የእሳቸው ትምህርት ትእዛዝ ብቻ ነበር። «ጂቢ» አምጪ፣ «ነድፊ» አጽጂ፣ «ያላ» ቶሎ በይ፣ «ስኩቲ» ዝም በይ። የሁሉም መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ «ሃዲር»፣ እሺ ማለት ነው።

«ሌላው ይቅርብሽ» ይሏት ነበር። «ማዳሟ ያለችው ከገባሽና ሃዲር ካልሽ ትኖሪያለሽ። ካልገባሽ ግን እጇን ታነሳብሻለች።»

እሳቸው በማይመጡበት ቀን ማዳሟ እኔ ሆንኩ። ለኔ እቃቃ ነበር። አልጋው ላይ ወጥቼ፣ እግሬን አነባብሬ፣ የእናቴን የተሰበረ መነጽር አድርጌ «ጂቢ ማይ!» ስል ውኃ ይመጣልኛል። እናቱን ማዘዝ የማይወድ ልጅ የት አለ? ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ መጫወቱን ሁሉ ተውኩት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ እትዬ ራሄል የሚያውቁትን ለቃቅሜ ጨረስኩ፤ እናቴ ግን ማታ የያዘችውን ጠዋት ትረሳዋለች። «ስኩቲ» ስላት ደግሞ ትርጉሙን እያወቀች ትሪውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ሃዲር ከአፏ አይወጣም። እትዬ ራሄል የልጅ አእምሮ ክፍት ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ የአእምሮ አይመስለኝም። እኔ ቃሉን የምናገረው ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ የሚነገራት።

አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማ፣ ቋንቋው እምቢ ካለሽ ትቀሪያለሽ አይደል?» አልኳት። ለወራት ሆዴ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር።

እጇን ከአረፋው አላወጣችም። «እሄዳለሁ የኔ ልጅ። ካላወቅኩ ግን እዚያ የምጎዳው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ መነጽሩንም አላደረግኩም፣ አልጋውም ላይ አልወጣሁም። እንዳይመቱብኝ ብዬ እስኪደክማት አስጠናኋት። ስትሠራ ከኋላዋ እየተከተልኩ እጠይቃታለሁ፤ ከተሳሳተች እንደገና። በመጨረሻ ሃዲር ማለት ቻለች፣ ሳታስብ፣ ከኔ አፍ ቃሉ ሳያልቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄደች። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አላለቀስኩም። የተረከበችኝ አክስቴ ጠንካራ ልጅ ናት ብላ ለሰው ሁሉ አወራች፤ እኔ ግን ጥንካሬ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። እጅ ደንዝዞ ሲነኩት የራስ እንደማይመስለው፣ ሐዘኑ የኔ አይመስልም ነበር። አረብኛውም ቀስ በቀስ ጠፋብኝ።

ስትመለስ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ይዤ ነበር። አሁን ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ተቃቅፈን አናወራም፣ አንጣላምም። ሻይ ትፈልጊያለሽ፣ አልፈልግም፣ ነው ወሬያችን። ዓርብ ዓርብ ግን ቤሩት ያሳደገቻት ልጅ፣ ጃና፣ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ በሄደች ዓመት የተወለደች ናት። ያን ጊዜ እናቴ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ምሳ አልበላሽም ብላ ትጨቃጨቃለች መሰለኝ። አንዲት ቃል ለመያዝ ስንቴ ጆሮዬን አቅንቻለሁ። በመካከላቸው የሚታዘዝ ነገር የለም፣ ስለዚህ አይገባኝም።

ባለፈው ዓርብ ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ናፍቀሽኛል አለችኝ።»

ቀናሁ ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ምንም አልተሰማኝም፤ የሰው ፊልም ከመካከሉ እንደማየት ነበር። ዝም እንዳልል ብቻ «እሱ በአረብኛ እንዴት ነው የሚባለው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ነገረችኝ። ልለው ስሞክር ምላሴ ተሳሰረ። ደገመችልኝ፣ አሁንም ተበላሸብኝ። እናቴ ከተመለሰች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ከልቧ ስትስቅልኝ አላየሁም።

«ቀላል እኮ ነው» አለችኝ። «ጃናን በሁለት ዓመቷ ነው ያስተማርኳት።»