እናትየው እንዲያምኑት የተነሳ ፎቶ

ጎረቤታችን የሆኑት የበርታ ብሔረሰብ እናት ልጃቸው በሕይወት መኖሯን አላምንም ብለው ነበር። ልጅቷ ሱዳን ተድራ፣ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ወሬዋ ጠፍቶ ቆይቶ፣ ድንገት ድንበር ላይ ያለችው ኩርሙክ ገባች ተባለ። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሟ ሄዶ አገኛትና በስልኩ አንስቷት ተመለሰ። ፎቶው ድፍርስ ያለ ነው። ሴት መሆኗ ይታያል፤ ማን እንደሆነች ግን አይለይም።

"ይሄ የኔ ልጅ አይደለም" አሉና ስልኩን መለሱለት። አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ነው የሚጠራው። "እኔን ለማጽናናት ነው።"

በስልክ ሊያገናኛቸው ቢሞክርም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ድምፅዋን መለየት አቃታቸው። እሷ እንዳትመጣ ሕፃን ልጇ ትኩሳት ይዞታል።

እኔ አሶሳ ውስጥ ምርቃትና ሰርግ እያነሳሁ ነው የምተዳደረው። ወንድሟ "እህቴን በካሜራሽ አንሺልን" ሲለኝ እሺ አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ባትሪ ሞላሁ፣ መሙላቱን ደግሜ አየሁ። ሌንሱን ጠርጌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ አውጥቼ እንደገና ጠረግሁት።

የኩርሙክ መንገድ ሰውን እያንገጫገጨ ነው የሚወስደው። አቧራ እንዳይገባበት ቦርሳውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩ። ሳንደርስ ሄዳ ቢሆንስ? እኔም እንደ ስልኩ ድፍርስ ያለ ፎቶ ይዤ ብመለስስ?

"አንቺ ደግሞ ከእናቴ ባስሽ" አለኝ ወንድሟ።

ያረፈችበት ጎጆ ውስጥ ሕፃኑን ታቅፋ አገኘናት። ቸኩዬ እዚያው ጨለማው ውስጥ አነሳኋት። ምስሉን አጉልቼ ሳየው ዓይኗ ጥርት ብሏል፤ ከዓይኗ ወደኋላ ያለው ሁሉ ግን ሟሙቷል። ለሙሽራ ቢሆን ያምር ነበር። እናቷ ግን ከፊቷ ላይ ምኗን እንደሚፈልጉ አላውቅም። ግንባሯም አገጯም፣ ሁሉም መታየት አለበት።

በሩ አጠገብ፣ ጥላው ላይ አስቀመጥኳት። ከፊት እስከ ኋላ እንዲጠራ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብኩ። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ምስሉ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢልም ይሁን ብዬ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ከፍ አደረግሁ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ግን አልነካሁም፣ ካዘገየሁት ብትንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። ፎከሱን ካሜራው በራሱ እንዳይመርጥ ነጥቡን ለእኔ ቀረብ ባለው ዓይኗ ላይ አሳረፍኩ። የቀረው ካሜራውን አጽንቶ መያዝ ነው። ትከሻዬን ከግድግዳው አስደገፍኩ፣ ክርኖቼን ከጎኔ አጣበቅሁ፣ ትንፋሼን አወጣሁ።

ሕፃኑ አለቀሰና ዞር አለች። ደግሜ አነጣጠርኩ። አሁንም ዞረች።

"እናቴ አላመነችም?" አለችኝ።

"አላመኑም።"

ሕፃኑን ለወንድሟ ሰጠችው። ከዚያ ሌንሱን ቀጥ ብላ አየች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። ቁልፉን ቀስ ብዬ ተጫንኩ።

አሶሳ ስንመለስ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ጣታቸው በግንባሯ፣ በጉንጯ አልፎ ጆሮዋ ላይ ቆመ። የጆሮዋ ጫፍ የተሰነጠቀ ነው። እኔ ሳነሳት ልብ አላልኩትም።

"ፍየል ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጉትቻውን ፍየል ጎተተ፣ ቀደደው። ያኔ ትንሽ ነበር።" ጣታቸውን ወደ ጉንጯ መልሰው "ለምን ከሳ?" አሉኝ።

መልሴን ግን አልጠበቁም። ወንድ ልጃቸውን "ተነሳ፣ እንሄዳለን" አሉት። በዚህ ሰዓት ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መኪና የለም ቢላቸውም፣ ልብሳቸውን ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ሄዱ፤ የልጅ ልጃቸው ትኩሳት እስኪለቀው እዚያው ቆዩ።

የተመለሱ ቀን መጀመሪያ የሰማሁት የሕፃኑን ለቅሶ ነው፤ ቀጥሎ እናትየው "ባጃጁን ቀስ ንዳ፣ ቀስ" እያሉ ወንድ ልጃቸውን ሲቆጡ።