እርግማን ያልነው የልብ ሕመም

ወገኖቼ፣ ጌታ ለእኔና ለወንድሜ ያደረገውን ሳልናገር ብቀመጥ ኅሊናዬ ይከሰኛል። ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ጠጉሩ ሳይሸብት፣ ከቅዳሴ ሲመለስ ደረቱን እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼም በጎልማሳነታቸው እንደዚያው ድንገት ሄዱ። አገሩ ሁሉ «እርግማን ነው፤ የዚያን ቤት ወንድ ይበላል» አለ። የቀረን ወንድ ታናሼ ታምራት ብቻ ነበር። እሱም የታጨችለትን ልጅ አላገባም አለ።

«እትዬ፣ የሰው ልጅ አምጥቼ እንዴት መበለት ላድርጋት?» አለኝ።

እኔ ስለ እሱ ስሳቀቅ ኖርሁ እንጂ ለራሴ ሰግቼ አላውቅም። ሴት ነኛ!

አንድ ቀን ከታምራት ጋር ከአሊዩ አምባ ገበያ ዳገቱን ስንወጣ መንጋጋዬንና ጀርባዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ወደቅሁ። ደረቴን ስላላመመኝ ሰዎች «ጨጓራ ነው» አሉ። ታምራት ግን እንቢ ብሎ በበቅሎ፣ ከዚያም በጭነት መኪና፣ ደብረ ብርሃን ወደነበረች ፈረንጅ ሐኪም አደረሰኝ።

ሐኪሟ የዐይኔ ቆብ ላይ ያለውን ቢጫ እብጠት ነካ አድርጋ፣ በአስተርጓሚ «አባትሽም ይህ ነበረው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ወንድሞቼም።»

ወደ ታምራት ዞረች፤ እሱም አለበት።

«ይህ እርግማን አይደለም» አለች። «ከወላጅ የሚወረስ፣ ስብ በደም ሥር ውስጥ የሚያጠራቅም በሽታ ነው። ወንዶቹን ቀድሞ ይይዛል። ሴቶቹን ቆይቶ ነው፤ ምልክቱም አንዳንዴ ሌላ ስለሚሆን ልብ የሚለው የለም። ደግሞ ልጅ ሁሉ አይወርሰውም። ከቅቤና ከጮማ ለሚጠነቀቅም ዕድሜ ይሰጣል።»

ወንድሜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «እግዜር አልጠላንማ!» አለ።

ወገኖቼ፣ እኔ እግዚአብሔርን መፍራት እንጂ እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር። አስተርጓሚዋ እኅት እጄን ይዛ «ኢየሱስ እርግማንሽን በመስቀል ላይ ተሸክሞታል፤ የሚያሳድድሽ አምላክ የለም» አለችኝ። እዚያው አልጋው ላይ «ጌታዬ፣ የአንተ ነኝ» አልሁ። ክብር ለስሙ!

ልቤ ዛሬም ደካማ ናት፤ ዳገት ላይ እያረፍሁ ነው የምወጣው። ከምላሴ ሥር የማደርጋት ክኒን አለችኝ፤ ቅቤና ጮማም ከቤታችን ወጥቷል። ፍርሃቱ ግን ሄደ፣ ሃሌ ሉያ! ታምራት ያችኑ ልጅ ሄዶ ለመናት፤ ጠብቃው ኖሯል። ይኸው ልጁን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጧል።

እናቶቼ፣ «እኔ ሴት ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» እያላችሁ ሕመማችሁን አትደብቁ። የቤቱን ሞት የሚፈራም ካለ ወደዚህ ጌታ ይምጣ። እኔ አሁን ስተኛ «ብነቃም ከአንተ ጋር፣ ባልነቃም ከአንተ ጋር» እለዋለሁ። ደኅና እንቅልፍ ይወስደኛል።